የነቀፋችን ሰምና ወርቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ያስቀደሰ ሰው ጣራውን ቀና ብሎ ሳያይ አይወጣም። ከመቶ በላይ የመላእክት ፊት ዐይኑን አጉልቶ፣ በክንፍ ታጅቦ ቁልቁል ያየናል። የመላእክቱ ቋንቋ «ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ» ነው። እኛም ከሥራቸው ቆመን ያንኑ ስንል እናረፍዳለን። ቅጽሩን ወጥተን ቁልቁል ወደ ፒያሳ ስንወርድ ግን «ሐሜት አይሁንብኝና…» ይጀመራል። ይህችን መግቢያ ተናግሮ የማያውቅ ጎንደሬ ካለ ይምጣና ጉልበቱን ልሳም።

ሐዋርያው ያዕቆብ አንደበት እሳት ነው ብሏል (ያዕ. 3፥6)። አባቶቻችንም «ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው» ይላሉ። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔን የሚከነክነኝ፣ እሳት መሆኑን እያወቅን ለምን እንደምንጭረው ነው።

ሀገራችን የቅኔና የትርጓሜ ሀገር ናት፤ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳይጠይቅ የሚሄድ ተማሪ አይመሰገንም። ነቀፋም ሰምና ወርቅ አለው። ዘኍልቍ 12ን እንይ። የሙሴ እኅት ማርያምና አሮን ኢትዮጵያዊቱን በማግባቱ ሙሴን አሙት። ሰሙ ይህ ነው። ወርቁ የሚወጣው በሚቀጥለው ቁጥር ነው፦ «በውኑ እግዚአብሔር በሙሴ ብቻ ተናግሮአልን? በእኛስ ደግሞ የተናገረ አይደለምን?» ለካ ሚስቲቱ ሰበብ ናት፤ የቆጠቆጣቸው የወንድማቸው ክብር ነው። ቀጥሎ ያለው ቃል አጭር ነው፤ «እግዚአብሔርም ሰማ»። በሹክሹክታ ያወራነውን ሁሉ ሳስብ ይህ ቃል ያስደነግጠኛል።

የራሴን ልንገራችሁ። ባለፈው ጾም በጽዋ ማኅበራችን አንድ ወጣት ሲያስተምር፣ ከጎኔ ወዳለው ዘንበል ብዬ «ንባቡ ይሰበራል» አልሁ። እውነትም ተሰብሮ ነበር፤ ያታለለኝም አለመዋሸቴ ነው። ማታ ለጸሎት ስቆም ወርቁ ወጣ፦ ከዚያ በፊት አስተማሪው እኔ ነበርሁ። ቦታዬን የወሰደብኝ መስሎኝ እንጂ ንባቡስ ምን አደረገኝ?

እንግዲህ ሽሮ እየበላን የሰው ሥጋ አልቀረልንም ማለት ነው። ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው «ይጹም ዓይን፣ ይጹም ልሳን» ብሎ አልበቃውም፤ ጆሮም ክፉ ከመስማት ይጹም ይላል። ያን ቀን ሹክ ያልሁት ወንድም ጆሮውን ቢያስጾምብኝ ኖሮ ወሬው እዚያው ይሞት ነበር። (ስሕተት አይታረም እያልሁ አይደለም። ጌታ ግን «አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ» ነው ያለው፤ ማቴ. 18፥15።)

ሙሴስ ምን አደረገ? ለራሱ አልተሟገተም። እኅቱ በለምጽ ስትመታ ብቻ «አቤቱ፥ እባክህ፥ አድናት» ብሎ ጮኸ። እርሷ ከሰፈር ውጭ ሰባት ቀን ተዘግታ ስትቀመጥ ሕዝቡ ሁሉ ጉዞውን አቁሞ ጠበቃት። በአንዲት ሐሜት ያ ሁሉ ሕዝብ ቆመ። ማኅበሮቻችን ለምን አልራመድ እንዳሉ ስንጠያየቅ ገንዘቡን እንቆጥራለን፣ የቀሩትን ሰዎች እንቆጥራለን፤ ከጽዋው በኋላ በር ላይ ያወራነውን ግን የሚያነሣው የለም።

ወጣቱን እስካሁን ይቅርታ አልጠየቅሁትም። የሚቀጥለው ጽዋችን በ12 በሚካኤል ነው፤ ተረኛው እርሱ ነው። ቀድሜ ሄጄ በሩን አንኳኳለሁ።