የፒካፕ አየር ፊልትሮ በመሃል አዲስ አበባ፦ መቼ ይቀየራል?

የአየር ፊልትሮ ወደ ሞተር የሚገባውን አየር የሚያጣራ እጥፍጥፍ ወረቀት ነው። በአብዛኛው ፒካፕ ላይ ኮፈኑ ሲከፈት ጥቁር የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። አንዳንዱ ክብ ነው፣ አንዳንዱ አራት ማዕዘን። ስሙ እንደ ፍሬን፣ እንደ ካንዴላና እንደ ፍሪሲዮን ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። በዕድሜ የገፉ አንዳንድ ፒካፖች ላይ ደግሞ ወረቀት የለም። አየሩ በዘይት ላይ እያለፈ አቧራውን እዚያው ይጥላል። እሱ ይታጠባል እንጂ አይጣልም።

ሥራው ቀላል ይመስላል፤ መጠኑ ግን ብዙ ነው። ባለ 2.5 ሊትር የናፍጣ ሞተር በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር 2,500 ሊትር ገደማ አየር ይስባል። በየደቂቃው አሥራ ሁለት በርሜል ማለት ነው። አየሩን ገፍቶ የሚያስገባ ቱርቦ ካለው ከዚህም ይበልጣል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ፒካፕ ዕቃ ጭኖ ወደ እንጦጦ ሲወጣ የሚያቃስተው በከፊል ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ፊልትሮው ከተደፈነ ሞተሩ አፉን በነጠላ ሸፍኖ እየተነፈሰ ነው ማለት ይቻላል።

የመኪናው መመሪያ ምን ይላል? እንደ አምራቹ ይለያያል። ብዙዎቹ ከ20,000 እስከ 50,000 ኪሎ ሜትር ባለው ርቀት ቀይሩ ይላሉ። ወዲያው ግን አቧራ ባለበት ቦታ ከዚያ ቀደም ብላችሁ እዩት የሚል ማሳሰቢያ ያክላሉ። ለእኛ የተጻፈው ይሄኛው ነው።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪው መሃል ከተማ ላይ ያታልላል። ከፒያሳ ሜክሲኮ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ሲዘጋ ግን ለገሃር ላይ ብቻ ግማሽ ሰዓት ሊያልቅ ይችላል። ቆጣሪው ዝም ይላል፣ ሞተሩ ግን መሳቡን አላቆመም። ያው ባለ 2.5 ሊትር ሞተር በሚኒሞ ቆሞ እንኳን በሰዓት 60,000 ሊትር ገደማ አየር ያስገባል። የሚያስገባውም ከፊቱ ያለው አውቶብስ የተፋውን ጭስ ነው። ይህ ጭስ ከአቧራ ይለያል። አቧራ ደረቅ ስለሆነ ሲመታ ይረግፋል። ጥላሸት ግን ቅባት አለው፤ ወረቀቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ቡናማ የሆነ ፊልትሮ የገጠር መንገድ ሲያይ የከረመ ነው። የጠቆረና እጅ የሚያቆሽሽ ከሆነ ግን የከተማ ልጅ ነው፣ በመንፋት አይመለስም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱና ሲገነቡ የኖሩትን ሰዎች ደግሞ ስለ አቧራ ማስተማር አያስፈልግም።

እንግዲህ መቼ? እኔ የምከተለው እንዲህ ነው። ዘይት በተቀየረ ቁጥር ሳጥኑ ይከፈትና ይታያል። መቀየሩ ደግሞ በዓመት አንዴ ወይም 15,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ፣ ቀድሞ የደረሰው ይሁን። ወሩም የራሱ ነገር አለው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ አቧራውን ያስተኛዋል፤ ከጥቅምት ጀምሮ ይነሳል። ስለዚህ አዲሱን ከክረምት በኋላ መግጠም ይሻላል፣ በጋውን በሙሉ አቅሙ ይቀበላል። መስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ ወር ነው፤ ወደ ጥቅምት ቢገፋም አይከፋም። ክረምት ላይ ግን የጎርፍ ውኃ የተሻገረ ፒካፕ ፊልትሮው ርሶ እንደሆነ ሳይታይ መነሳት የለበትም። ወረቀት ሲርስ ያብጣል፣ አየር አያሳልፍም።

ለማየት የስልክ መብራት ይበቃል። መብራቱን በውስጥ በኩል አስገብቶ ከውጭ ማየት ነው። ምንም ብርሃን ካላለፈ ተደፍኗል። እንደ መርፌ ቀዳዳ የሚያበራ ነጥብ ከታየ ተበስቷል፤ ይሄ ከተደፈነው ይብሳል። የተደፈነ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ሞተሩን አይበላም። በቀዳዳ የሚገባ ደቃቅ አሸዋ ግን ሲሊንደሩንና የፒስተን ቀለበቱን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። ከዚያ ዘይት መብላት ይመጣል።

ቀዳዳው ከየት ይመጣል? ብዙ ጊዜ ከጎሚስታ ኮምፕሬሰር። የጎማ መንፊያው ግፊት ለወረቀት ከባድ ነው። አንድ ጊዜ የእኔን ፊልትሮ ጎሚስታ ቤት የሚሠራ ወጣት መንፊያውን በጣም አስጠግቶ ነፋልኝና ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ከሳምንታት በኋላ ከፊልትሮው ወዲያ ያለውን ቱቦ በጣቴ ብጠርገው አቧራ ነበር። መንፋት የግድ ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ራቅ ተደርጎ፣ ግፊቱ ተቀንሶ ነው። ጎማ ላይ መምታትም ዳር ዳሩን የሚይዘውን ላስቲክ ያጣምመዋል። ደግሞ ትንሽ አቧራ የያዘ ወረቀት ከአዲሱ በተሻለ ያጣራል፤ የተጣበቀው አቧራ ራሱ ወንፊት ይሆናል። በየሳምንቱ ማስነፋት ጥንቃቄ ይምሰል እንጂ ጉዳቱ ይበልጣል።

«ፊልትሮ ቆሽሾ ነዳጅ እየበላ ነው» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ባወጣው ጥናት፣ ኮምፒውተር ያላቸው የቤንዚን መኪኖች ፊልትሯቸው ሲደፈን የነዳጅ ፍጆታቸው ይህን ያህል አልተለወጠም። የቀነሰው ጉልበታቸው ነው። ኮምፒውተሩ የገባውን አየር ለክቶ ነዳጁን ይመጥናል። ካርቡራቶር ያለው አሮጌ የቤንዚን መኪና ወይም በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠራ አሮጌ ናፍጣ ግን እንዲህ አያደርግም። አየር ቢያጥርም ነዳጁን ያፈሳል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል። ከተማው ውስጥ የዚህ ዓይነት ፒካፕ ገና ብዙ ነው።

ግዢው የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ነው። አሮጌውን ይዞ መሄድ ከብዙ ንግግር ያድናል። ጎን ለጎን አድርጎ ቁመቱን፣ የእጥፋቱን ብዛትና የላስቲኩን ልስላሴ ማስተያየት ነው። ኮፒው ብዙ ጊዜ እጥፋቱ የሳሳ፣ ላስቲኩም ደረቅ ነው። ደረቅ ላስቲክ ሳጥኑን ገጥሞ አይዘጋም፣ አቧራው በጎን ይገባል።

የጋቢናው ፊልትሮ ሌላ ነው። እሱ የሚጠብቀው ሞተሩን ሳይሆን የተቀመጠውን ሰው ነው። ብዙውን ጊዜ ከረዳት መቀመጫው ፊት ካለው የዕቃ ኪስ ጀርባ ይገኛል። አንዳንድ ፒካፕ ላይ ቦታው ተሠርቶ ባዶውን ይመጣል፤ ገዝቶ መክተት ይቻላል። መሃል ከተማ ለሚውል ሾፌር በዓመት አንዴ መለወጡ ብዙ አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና የያዙትም ከዚህኛው አያመልጡም።