የሞተር የጎን ቦርሳ ሲቀደድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከሐረር ድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባለፈው የደንገጎን ቁልቁለት ወርጄ ድሬ ስገባ የሞተሬ የቀኝ ቦርሳ ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ አውጥቷል። የዝናብ ልብሴ መንገድ ላይ ቀርቷል። የቀዳዳው ጠርዝ ጠቁሮ ተኮማትሯል። ከዚያ በኋላ ያልመከረኝ ሰው የለም፤ ግማሹን ምክር ብሰማ ኖሮ ኪሴም አብሮ ይቀደድ ነበር።

«አንዱ ከተበላሸ ጥንዱን መግዛት ግድ ነው»

ሻጮቹ ይህን ቢሉ አይፈረድባቸውም፤ ዕቃው በአብዛኛው የሚመጣው በጥንድ ነው። ግን ቦርሳ እንዳለ አይሞትም። የሚሄደው የታች ጥጉ፣ ዚፑ ወይም ማሰሪያው ነው። ይሄ ደግሞ የስፌት ሥራ ነው። እዚህ ሐረር፣ በግንብ በታጠረው በአሮጌው ከተማ በጁገል ውስጥ ስሙን ከስፌት መኪናዎች ድምፅ ያገኘ መኪና ግርግር የሚባል ጎዳና አለን፤ ሌላ ምን እንፈልጋለን? ሁሉም ልብስ ሰፊ ወፍራም ሸራ ይሰፋል ማለት ግን አይደለም። የቀሚስ መርፌ ሸራ ላይ ይሰበራል። 18 ቁጥር መርፌና የፖሊስተር ክር ያለውን ጠይቁ። የጥጥ ክር ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት ይበሰብሳል።

«ጥፋቱ የቦርሳው ነው፤ ደካማ ስለሆነ ነው»

እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ጥገና የወሰድኩለት ልብስ ሰፊ ቦርሳውን ተቀብሎ አውራ ጣቱን በቀዳዳው አሾልኮ አዟዟረ። «አቦ፣ ይሄ አልተቀደደም፣ ተቃጥሏል። ሞተርህ የታለ?» አለኝ። ፈረስ መጋላ ላይ አቁሜው ነበርና አብረን ሄድን። ቦርሳውን ቦታው ላይ ሰቀለና በመዳፉ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገው። ሄዶ የጭስ ማውጫው፣ ማርሚታው ላይ ተለጠፈ። ማርሚታው ላይ የቀለጠ ጥቁር ነገር ደርቆ ነበር፤ ስንት ወር ሳላየው እንደኖረ እንጃ።

ሞተሩ ቆሞ ባዶውን ሲታይ ቦርሳውና ማርሚታው የማይነካኩ ይመስላል። ሰው ሲፈናጠጥና ሞላው (ስፕሪንጉ) ሲጫን፣ ኩርባ ላይ ደግሞ ቦርሳው ሲወዛወዝ ይገናኛሉ። ፒቪሲ የተቀባ ሸራ ከ80 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ይለሰልሳል፤ የሚሠራ ሞተር ማርሚታ ከዚያ በብዙ ይሞቃል። ስለዚህ አዲስ ጥንድ ብገዛ ኖሮ እሱንም በተራው እጠብሰው ነበር። መፍትሔው ብረት ነው። በያጅ ዘንድ ሄጄ ቦርሳውን ከማርሚታውም ከጎማውም የሚያርቅ ደጋፊ በቀጭን ፌሮ አሠራሁ። በቦርሳውና በማርሚታው መሐል ቢያንስ አራት ጣት ይግባ። ሲለካ ሰው ኋላ ይቀመጥ። ፍሬቻው እንዳይሸፈንም እዩ፤ እኔ ረስቼ ሁለቴ ተመላልሻለሁ።

«ቆዳ ከሸራ ይበልጣል»

ያምራል፣ አልክድም። ግን ቅባት ካልተቀባ የድሬ ፀሐይ ያደርቀውና ይሰነጥቀዋል፤ ውሃ ሲጠጣ ደግሞ ይከብዳል። ለእኛ አገር የከባድ መኪና ሸራ ይሻላል። የጂቡቲ መንገድ መኪኖች የሚለብሱት እሱን ነው። አሮጌው ሲጣል ጥጉ ይበላሽ እንጂ መሐሉ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። የእኔ ቦርሳ የታች ግማሹ አሁን ከእንዲህ ያለ ቁራጭ የተሠራ ነው። ቀለሙ አይገጥምም። ሸራው፣ ስፌቱና ብረቱ ተደምሮ ለአዲስ ጥንድ ከተጠየቅኩት ሩቡን አልሞላም።

«በማስቲሽ ይለጠፋል»

ለጊዜው አዎ። ፀሐይ ሲመታው ይለቃል። ማስቲሽ ከስፌቱ በፊት ቁራጩን እንዲይዝ ይጠቅማል፣ ብቻውን ግን አይበቃም።

«ሳልባጅ ሁልጊዜ ያዋጣል»

ሁልጊዜ አይደለም። ከመግዛታችሁ በፊት ዚፑን አሥር ጊዜ ክፈቱ ዝጉ። ውስጡን ገልብጡና ስፌቱን ወደ ፀሐይ አንሱት፤ ብርሃን በረድፍ ካሳየ ክሩ አልቋል። ማሰሪያው ከመቀመጫችሁ ስፋት ጋር መግጠሙንም ሞተሩ ላይ አስቀምጣችሁ እዩ፤ ሻጩ «ይገጥማል» ማለቱ አይበቃም።

«በደንብ ከተሰፋ ውሃ አያስገባም»

መርፌ የገባበት ሁሉ ቀዳዳ ነው። ዕቃችሁን በፌስታል ጠቅልሉት። ሰፊው ራሱ ሥራውን ሲያስረክበኝ ሁለት ጥቁር ፌስታል አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከቶልኝ ነበር።