«ከአቴና ጋር፣ እጅህንም አንቀሳቅስ»

ግሪኮች እስከ ዛሬ የሚሉት አንድ አባባል አለ። «ሲን አቲና ኬ ሂራ ኪኒ።» ቃል በቃል ሲፈታ «ከአቴና ጋር፣ እጅህንም አንቀሳቅስ» ማለት ነው። አቴና ከጥንት ግሪኮች እንስት አማልክት አንዷ ናት፤ እነዚህን አማልክት የሚያስተሳስራቸውን ክርም እዚህ አባባል ውስጥ አገኘዋለሁ። ቋንቋው የጥንቱ ግሪክኛ ነው፤ የዛሬዎቹም ሳይቀይሩ እንዳለ ይጠቀሙበታል። ሳያጠና ፈተናው እንዲቀናው ለሚመኝ ተማሪ፣ ቤት ተቀምጦ ሥራ እስኪጠራው ለሚጠብቅ ሰው ይባላል።

መነሻው የኤሶፕ ተረት ነው። አንድ የአቴንስ ባለጸጋ ከሌሎች ሰዎች ጋር በመርከብ እየሄደ ሳለ ማዕበል ይነሳና መርከቧን ይገለብጣታል። ሌላው ሁሉ ነፍሱን ለማዳን ሲዋኝ፣ እሱ ግን እዚያው ውሃው መሃል ሆኖ አቴናን ይጣራል፤ ብቻ ከዚህ አውጪኝ እንጂ ይሄን አገባለሁ፣ ያንን አገባለሁ እያለ ስለት በስለት ላይ ይደራርባል። አጠገቡ የሚዋኝ አንዱ ይሰማዋል። «ከአቴና ጋር እጅህንም አንቀሳቅስ እንጂ!» ይለዋል። ተረቱ እዚህ ያበቃል። ሰውየው ይዳን ይስጠም አይነግረንም።

ብዙ ሰው አባባሉን «ልመናውን ተወውና ሥራ» ብሎ ይረዳዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ነገሩ ያለው «እጅህንም» የምትለው ቃል መጨረሻ ላይ ባለችው «ም» ውስጥ ነው፤ በግሪክኛው «ኬ» የምትለዋ ናት። ዋናተኛው «አቴናን ተዋት» አላለም። «ከአቴና ጋር» ነው ያለው። እሷም ትኑር፣ እጅህም ይሥራ።

ግን ለምን አቴና? ቀላሉ መልስ ሰውየው የአቴንስ ሰው ስለሆነ፣ የከተማዋም ጠባቂ እሷ ስለሆነች ነው። ከዚያ ያለፈም ነገር አለ። ከአቴና የማዕረግ ስሞች አንዱ «ኤርጋኔ» ነው፣ ሠራተኛዋ ማለት ነው። አናጺው፣ ሸክላ ሠሪው፣ ፈታይዋና ሸማኔዋ የእሷ ናቸው። በየዓመቱ በበዓሏ ከወይራ እንጨት ለተሠራው ጥንታዊ ምስሏ ፔፕሎስ የሚባል አዲስ ልብስ ይቀርብላት ነበር። ያ ልብስ ከሰማይ አይወርድም። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት ወይም ኅዳር አካባቢ ድሩ ይዘረጋል፣ የከተማዋ ሴቶች ልጆች ዘጠኝ ወር ሙሉ ይሸምኑታል፣ አማልክት ከግዙፋኑ ጋር ሲዋጉ የሚያሳይ ጥልፍ ይገባበታል፣ ከዚያ ሐምሌ ነሐሴ ላይ ለበዓሉ ይደርሳል። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ566 ገደማ ጀምሮ ደግሞ በየአራት ዓመቱ በዓሉ ከሌላው ጊዜ በበለጠ ድምቀት ይከበር ነበር። የሽመናን ሙያ ሰጠችን ለሚሏት አምላክ የሚመልሱላት ስጦታ ራሱ ሽመና ነበር። ይሄ በጣም ደስ ይለኛል።

የግሪክን እንስት አማልክት የሚያገናኛቸው ምንድን ነው ሲባል ቶሎ የሚነሳው ቅናታቸው፣ ቁጣቸው፣ ውበታቸው ነው። ውሸት አይደለም። አርጤምስ የምትባለዋ አምላክ፣ የካሊዶን አገር ንጉሥ መሥዋዕት ሲያቀርብ እሷን ስለረሳት ብቻ አገሩን የሚያወድም የዱር አሳማ ሰዳበታለች። ለእኔ ግን ከዚህ የበለጠ የሚያስተሳስራቸው ክር እዚሁ አባባል ውስጥ ያለው ነው። ያለቀለት ነገር አያድሉም። ሙያ ያስተምራሉ፣ ቀሪው የሰው እጅ ነው።

ዴሜተርን ተመልከቱ። የእህል እናት ናት። ልጇ ፐርሰፎኔ ወደ ሙታን ዓለም ስትወሰድባት ምድር ምንም እንዳታበቅል አድርጋለች፤ ይህን ያህል ኃይል አላት። ግን ለሰው የሰጠችው የተሞላ ጎተራ አይደለም። ኤሌውሲስ በምትባል ቦታ ትሪፕቶሌሞስን እርሻ አስተማረችው፣ እሱም ለሌላው አስተማረ ነው የሚባለው። ገጣሚው ሄሲዮድ ገበሬውን ሲመክር እህሉ እንዲያፈራ የምድሩ ዜውስ ለሚሉት አምላክና ለዴሜተር ጸልይ ይለዋል። መቼ? ማረስ ስትጀምር፣ የእርፉን ጫፍ በእጅህ ጨብጠህ፣ በሬዎቹን ስትነዳ። እርፍ ጨብጦ የሚያውቅ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ጸሎቱና ሥራው አንድ ጊዜ ላይ ናቸው፣ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። (በነገራችን ላይ ድሜጥሮስ የሚለው ስም «የዴሜተር» ማለት ነው። የባሕረ ሐሳብን ቀመር አወጡ የሚባልላቸው የእስክንድርያው ፓትርያርክ ስም ነው።)

አርጤምስን የእኛ አንባቢ ከሐዋርያት ሥራ ያውቃታል፣ «የኤፌሶን አርጤምስ ታላቅ ናት» እያሉ ሕዝቡ ሲጮሁ። የሚገርመው እዚያ ግርግሩን ያስነሳው ብር ሠሪም ስሙ ድሜጥሮስ መሆኑ ነው። በግሪኮቹ ተረት አርጤምስ የአደን አምላክ ናት፣ እሷም አስተማሪ ናት። ገጣሚው ሆሜር ስለ ትሮይ ጦርነት ሲተርክ ስካማንድሪዮስ የሚባል ትሮያዊ አዳኝ ያነሳል። የዱር አውሬ መምታትን ራሷ አርጤምስ ናት ያስተማረችው። ጦር ሜዳ ላይ ግን አላዳነችውም፣ ሲሸሽ የግሪኮቹ ንጉሥ ሜኔላዎስ ከጀርባው ወጋው።

ሄስቲያ የምድጃ አምላክ ናት፣ እሷ ላይ ብዙ ተረት የለም። አዲስ ከተማ ሊቆረቁሩ የሚሄዱ ሰዎች ከእናት ከተማቸው ምድጃ እሳት ይዘው ይሄዱ ነበር፤ እንዳይጠፋ መጠበቅ ደግሞ የእነሱ ፈንታ ነው።

ከዚህ ክር የምትወጣ አንድ አለች፣ አፍሮዳይት። የጠብ አምላክ ኤሪስ «ለቆንጆዋ» ብላ የወረወረችውን ፖም ሄራ፣ አቴናና አፍሮዳይት ሲጣሉበት ዳኛ የሆነው የትሮይ ንጉሥ ልጅ ፓሪስ ነበር። ሄራ ንግሥና፣ አቴና የጦር ድል፣ አፍሮዳይት ደግሞ ቆንጆዋን ሄለንን ልትሰጠው ቃል ገቡለት። መንገሥም መዋጋትም ከሰው ብዙ ይጠይቃል። ሦስተኛው ስጦታ ግን ያለቀለት ነው፣ ውሰድ ብቻ ነው የሚለው። እሱን መረጠ። ሄለን የሰው ሚስት ነበረች፣ አሥር ዓመት ጦርነት ተከተለ፣ ትሮይ ተቃጠለች።

ወደ ባሕሩ ልመለስ። ከኤሶፕ ተረት ጋር ሁልጊዜ አብሮ የሚመጣብኝ ከትሮይ ጦርነት ወደ አገሩ የሚመለሰው የሆሜር ጀግና ኦዲሴውስ ነው። በመጥረቢያ በአራት ቀን ራሱ የሠራው የግንድ ታንኳ በማዕበል ሲሰባበርበት፣ ሌውኮቴያ የምትባል ቀድሞ ሰው የነበረች የባሕር አምላክ ብቅ ትላለች። ሻሿን ትሰጠዋለች። እንዳትሰጥም ይጠብቅሃል ትለዋለች፣ ግን ታንኳውን ትተህ በእጅህ እየዋኘህ ሂድ ትለዋለች። አቴናም ሌሎቹን ነፋሶች ታስርለታለች፣ ከሰሜን የሚነፍሰውን ብቻ ትተውለታለች። እሱ ግን ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ውሃው ላይ ነው። የብስ ሲያይ ማዕበል ከቋጥኝ ጋር ሊያላትመው ይወረውረዋል። እዚህ ጋ ሆሜር፣ አቴና ሐሳብ ባታመጣለት ኖሮ ቆዳው ተገፎ አጥንቱ ይሰባበር ነበር ይላል። ያመጣችለት ሐሳብ ብቻ ነው። ቋጥኙን በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ የያዘው እሱ ነው፤ ማዕበሉ ሲመለስ ጎትቶ ሲወስደው የመዳፉ ቆዳ እየተላጠ ድንጋዩ ላይ ቀረ። እሱም የወንዝ አፍ እየፈለገ ባሕሩን ዳር ዳር መዋኘቱን ቀጠለ።