የእሑድ እንቁላል ምንድን ነው?

ዶሮ ሰንበት አታውቅም፤ እሑድም እንደ ማክሰኞ ትጥላለች። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ዩታ የሰፈሩ የሞርሞን (አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተ የሃይማኖት ወገን) ሴቶች ከዚህ አንድ መላ አወጡ፦ እሑድ የተጣለ እንቁላል የቤት አይደለም፣ የሴቶች መረዳጃ ማኅበሩ ነው። «የእሑድ እንቁላል» የሚባለው ይኸው መዋጮ ነው።

ለምን ጥሬ ገንዘብ አላዋጡም? ስላልነበራቸው ነዋ። ሞርሞኖች ወደ ዩታው ሶልት ሌክ ሸለቆ የገቡት በ1847 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ከዚያም ለብዙ ጊዜ ዕቃ በዕቃ ሲለዋወጡ ኖሩ። ባል ለስብከት ባሕር ማዶ ከተላከ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ማሳውም ከብቱም በሚስት ትከሻ ላይ ይወድቃል። በእጇ ያለው እንቁላል፣ ቅቤና ፈትል ነው። የምትሰጠውም እሱኑ ነው።

ሳራ ኪምቦል የሚመሩት የሶልት ሌክ አጥቢያ ማኅበር በ1868 የራሱን አዳራሽ መሥራት ጀመረ፤ ፎቁ መሰብሰቢያ፣ ምድር ቤቱ ሱቅ።

እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እዚያ ደግሞ ሄዶ ጎተራ ገባ። በ1876 የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪ ብሪገም ያንግ ለክፉ ቀን እህል የማከማቸቱን ሥራ ለሴቶቹ ሰጡ፤ ኃላፊዋ ኤመሊን ዌልስ ሆኑ። ወንዶቹ ቀድሞ ቢመከሩም ስንዴውን ይሸጡት ነበር። ሴቶቹ ከታጨደ ማሳ ቃርሚያ ለቀሙ፤ በእንቁላሉ ዋጋ ስንዴ ገዙ፤ ጎተራ አሠሩ።

ሁሉም አልሰመረም። በዚያው ዘመን የሐር ትል ማርባትም ሞክረው ነበር። የሐር ማኅበሩ መሪ ዚና ያንግ ትል እጅግ ይፈሩ ነበር፤ ቢሆንም በገዛ እጃቸው ቅጠል እያበሉ አረቡት። ሐሩ አትራፊ ሳይሆን ቀረ።

ስንዴው ግን በ1906 የመሬት መንቀጥቀጥ ለመታው ሳን ፍራንሲስኮ ደረሰ። በ1918፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የአሜሪካ መንግሥት ከ200,000 ቡሽል በላይ ገዛቸው፤ ወደ 54,000 ኩንታል መሆኑ ነው። ሽያጩን የወሰኑት ግን የቤተ ክርስቲያኒቱ ወንዶች ኃላፊዎች ነበሩ፤ ያን ጊዜ የ90 ዓመት አዛውንትና የማኅበሩ ፕሬዚዳንት የነበሩትን ኤመሊንን አስቀድመው አላማከሯቸውም። ገንዘቡ ተቀመጠ፤ ወለዱም ለእናቶችና ለሕፃናት ጤና ይውል ጀመር።