ሆድ ውሃ ሲይዝ ኮዱ ምንድነው? ተማሪዎቼም እኔም የተሳሳትንባቸው ነገሮች

ቅዳሜ ቅዳሜ እዚ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሳሎኔ ውስጥ ለአምስት ልጆች ሜዲካል ኮዲንግ (ካርድ ላይ ያለውን በሽታና ሕክምና ወደ ኮድ መቀየር) አስተምራለሁ፣ መብራት ካለ ማለት ነው። ከዛ በፊት እዚሁ ከተማ ዳር አንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ኤችአይቲ (የጤና መረጃ ባለሙያ) ነበርኩ። ሁለቱም ጋ ሰው ተደጋግሞ ሲሳሳት ያየሁት ጉበት ታሞ ሆድ ውሃ ሲይዝ ነው፣ ሀኪሞቹ አሳይተስ ሚሉት። ከታች ያሉት ኮዶች ልጆቹ ሊሰሩበት ሚማሩት የአሜሪካኖቹ አይሲዲ 10 ሲኤም (የበሽታ ኮድ መጽሐፍ) ናቸው፣ ከኛ አገር ሪፖርት ጋር እንዳትደባልቁት።

«ጉበቱ ተጎድቶ ሆዱ ካበጠ ጠጪ ነው»

ይሄ የሰፈር ወሬ ብቻ ቢሆን ችግር አልነበረውም፣ ኮድ ውስጥ ነው ሚገባው። ለልምምድ ብዬ ራሴ አንድ ካርድ ጻፍኩላቸው፣ የ42 ዓመት ወንድ፣ ሲሮሲስ (ጉበቱ ጠባሳ ሆኖ የደረቀ)፣ አሳይተስ፣ 6 ሊትር ውሃ ከሆዱ ተቀድቷል፣ ሂስትሪው ላይ ደግሞ «ጠላ አልፎ አልፎ» ሚል አንድ መስመር። ከአምስቱ ሶስቱ ሳያቅማሙ ኬ 70.31 ጻፉ፣ በአልኮል የመጣ ሲሮሲስ ከአሳይተስ ጋር ማለት ነው። ለምን ስላቸው «ጠላ ይላል እኮ» አሉኝ። አረ ጠላማ እናቴም በዓል ሲመጣ ትጠጣለች! ሀኪሙ ራሱ «አልኮሆሊክ» ብሎ ምክንያቱን እስካልጻፈ ድረስ ኮደር ከጠላ ተነስቶ የአልኮል ሲሮሲስ ጋ መድረስ አይችልም፣ ካርዱ እንዳለ ከሄደ ኬ 74.60 ነው፣ አይነቱ ያልተገለጸ ሲሮሲስ።

ደሞ እኛ አገር ሄፓታይተስ ቢ ስንቱን ሰው እንደያዘ እየታወቀ ሁሉን ነገር አረቄ ላይ መለጠፍ ምን ይባላል። ትግራይ ውስጥ ሽሬ አካባቢ አንድ መንደር እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሰዉ ሆዱ እያበጠ ሲሞት፣ ህጻናት ሁሉ ነበሩበት፣ በኋላ ሲጣራ እህሉ ውስጥ ሚቀላቀል መርዛማ አረም ነው ጉበታቸውን የጨረሰው ተባለ። ያኔ እያንዳንዱ ካርድ ላይ «መጠጥ» ተብሎ ቢሞላ ኖሮ ማን ወደ እህሉ ያይ ነበር?

«ሲኤልዲ (ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ) ያው ሲሮሲስ ነው»

ዋርድ ውስጥ አዎ፣ «ዲሲኤልዲ» (ሲኤልዲው ብሶ ጉበቱ መቋቋም ሲያቅተው) ሲባል ሁሉም ሲሮሲስ ብሎ ነው ሚሰማው። ኮድ ላይ ግን ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ብቻ ከተባለ ኬ 76.9 ነው ሚሆነው፣ ምንም ማይናገር ኮድ። ሀኪሙ ሲሮሲስ ሚለውን ቃል ይጻፍ።

«አሳይተስ ካለ ሁሌ አር 18.8 ይጨመራል»

አር 18.8 የአሳይተስ የራሱ ኮድ ነው፣ ሁሌ ግን አይጨመርም። ኬ 70.31 ውስጥ ውሃው አብሮ ተቆጥሯል፣ ላዩ ላይ አር 18.8 መደረብ ስህተት ነው፣ መጽሐፉ ራሱ አር 18 ስር ኤክስክሉድስ ዋን (ሁለቱ አብረው አይኮዱም) ብሎ ከልክሎታል። ኬ 74.60 ላይ ግን ውሃው የለበትም ስለዚ አር 18.8 ከኋላው ይገባል። አንድ ነገር ደግሞ፣ ሀኪሙ አንዱ ገጽ ላይ «አልኮሆሊክ ሲሮሲስ» ሌላው ገጽ ላይ «አሳይተስ» ካለ፣ ሌላ ምክንያት እስካልሰጠ ድረስ «በሱ ምክንያት የመጣ» ብሎ እስኪያያይዘው አትጠብቁም፣ ኢንዴክሱ ላይ «ዊዝ» («ጋር») ሚለው ቃል ያያይዘዋል። ውሃው ከካንሰር ከሆነ አር 18.0 ነው፣ ካንሰሩ ይቀድማል። ከቲቢ ከሆነ ደግሞ፣ እኛ ጋ ደሞ አለ፣ ኤ 18.31 ነው እንጂ አር 18 ውስጥ አይገባም።

«ላብ (ላብራቶሪ) ውጤቱ ካለ ሌላ ምን ያስፈልጋል»

እዚ ጋ የራሴን ልንገራችሁ። ካርድ ክፍል እያለሁ የአንድ በሽተኛ የሆድ ውሃ ውጤት መጣ፣ ኒውትሮፊሉ (ኢንፌክሽን ሲኖር ሚበዛው ነጭ የደም ሴል) 400 ምናምን። ከ250 በላይ ከሆነ ውሃው ኢንፌክት አድርጓል እንደሚባል አውቃለሁ፣ በቃ ጎበዝ ሆኜ ሬጅስተሩ ላይ ኤስቢፒ (የሆድ ውሃው በባክቴሪያ ኢንፌክት ሲያደርግ ሚባለው) ብዬ ሞላሁ። በነጋታው ዶክተሩ ሬጅስተሩን ይዞ መጣና «ማነው ኤስቢፒ ነው ያለሽ?» አለኝ። ለካ ሲቀዳ መርፌው ደም ስር ነክቶ ውሃው ደም ሆኖ ነበር፣ እንደዛ ሲሆን ለየ250 ቀይ የደም ሴል አንድ ኒውትሮፊል ይቀነሳል፣ ተቀንሶ ሲታይ ሰውየው ምንም የለበትም። ቁጥሩ እውነት ነበር፣ ምርመራው ግን የኔ ነበር እንጂ የሀኪም አልነበረም። ኬ 65.2 ሚጻፈው ሀኪሙ በጽሁፍ ኤስቢፒ ሲል ነው፣ ላብ ላይ ያለ ሄፓታይተስ ቢ ፖዘቲቭም እንደዛው፣ ሀኪሙ ካላነሳው ትጠይቃላችሁ እንጂ አትኮዱም።

«ፕሮባብል ከተባለ አይኮድም»

ፕሮባብል «ሳይሆን አይቀርም» ማለት ነው። ግማሹ ልክ ነው። ተመላላሽ ላይ አይኮድም፣ ምልክቱ ብቻ ይኮዳል። ተኝቶ ታክሞ ሲወጣ ግን የመጨረሻው ሰመሪ ላይ «ፕሮባብል ኤስቢፒ» ከተባለ ሆስፒታሉ እንዳለ አድርጎ ይኮደዋል።

«ውሃ መቅዳቱ ከበሽታው ኮድ ጋር አብሮ ነው»

የራሱ ኮድ አለው፣ እሱም ከአይሲዲ ሳይሆን ሲፒቲ ከሚባለው የአሜሪካኖቹ የሕክምና ሥራ ኮድ ነው። ተመላላሽ ላይ በአልትራሳውንድ ከሆነ 49083፣ ያለሱ ከሆነ 49082። ስለዚ ኖቱ ላይ ስንት ሊትር፣ በአልትራሳውንድ ነው ወይ፣ ለምርመራ ነው ለማስተንፈስ ሚለው ይኑር። ከ5 ሊትር በላይ ከተቀዳ አልቡሚን መሰጠቱም ይጻፍ።

«ሀኪም መጠየቅ ድፍረት ነው»

ልጆቹ ይሄን ነው በጣም ሚፈሩት፣ እውነት ለመናገር ካርድ ክፍል እያለሁ እኔም ኮሪደሩ ላይ ሀኪም ሲመጣ መንገድ እቀይር ነበር። መጠየቅ ስራው ነው፣ አጠያየቁ ግን አለ። «ዶክተር አልኮሆሊክ ልበለው?» ማለት አይቻልም፣ መልሱን አፉ ላይ ማስቀመጥ ነው። ከአምስቱ አንዷ ብቻ ያን የልምምድ ካርድ ሳትኮድ ወረቀት ላይ ጽፋ አመጣችልኝ፣ «ሲሮሲስ ተብሏል፣ ምክንያቱ አልተገለጸም፣ ሂስትሪው ላይ ጠላ አልፎ አልፎ፣ ላብ ላይ ሄፓታይተስ ቢ ፖዘቲቭ አለ፣ እባክዎ ምክንያቱ ከታወቀ ይግለጹልን»። ላቡ ሶስተኛው ገጽ ላይ ነበር፣ ሌሎቹ አልገለጡትም። እኔ ዶክተር ሆኜ ከታች «ከክሮኒክ ሄፓታይተስ ቢ የመጣ ሲሮሲስ፣ ዴልታ የለም» ብዬ ፈረምኩላት። ኬ 74.60፣ ቢ 18.1 (ዴልታ ሚባለው ቫይረስ የሌለበት ክሮኒክ ሄፓታይተስ ቢ)፣ አር 18.8 ብላ ጻፈች፣ ጠላዋን ዝም አለቻት።