«በዘጠኝ ቮልት ነካ አድርገው ይነሳል»፦ አልሞላ ስላለ የካሜራ ባትሪ የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

የጥር ሰርግ ሲያልቅ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ሥራ ሲጀመር ባትሪው ቻርጀር ላይ ይሰካል፣ መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ይላል፣ አይሞላም። በየዓመቱ በዚያ ሰሞን የሚሰጠው ምክር ደግሞ አንድ ነው፤ «ባለ ዘጠኝ ቮልት ድንጋይ ፈልግና ነካ ነካ አድርገው፣ ይነሳል።» ምክሩን የሚያቀባብሉት ብዙዎቹ ባትሪው ውስጥ ምን እንዳለ ከፍተው አይተው አያውቁም።

በብዛት የሚታየው የካነን ኤልፒ-ኢ6 ባትሪ 7.2 ቮልት፣ 1800 ሚሊ አምፕር ሰዓት ነው። ውስጡ በተከታታይ የተያያዙ ሁለት የሊትየም አዮን ሴሎችና አንድ ትንሽ ቦርድ አሉ። ሲሞላ አንዱ ሴል 4.2፣ ሁለቱ ሲደመሩ 8.4 ቮልት ይሆናሉ። ቦርዱ ጠባቂ ነው። የአንዱ ሴል ቮልቴጅ 4.3 ገደማ ሲደርስ መሙላቱን ያቆማል፤ እንደ ቺፑ ዓይነት ከ2.3 እስከ 3 ቮልት ድረስ ሲወርድ ደግሞ ወደ ውጭ የሚወጣውን ኃይል ይዘጋል።

ስለዚህ «ቴስተር ላይ ዜሮ ካነበበ ሞቷል» የሚለው ስህተት ነው። ከውጭ ኮንታክቱ ላይ የምታነቡት የቦርዱን በር ነው፤ በሩ ተዘግቶ ዜሮ እያሳየ ውስጥ ያሉት ሴሎች እያንዳንዳቸው 2.4 ቮልት ሊኖራቸው ይችላል። ቻርጀሩም ከውጭ ቮልቴጅ ስለማያይ ባትሪው እንደተበላሸ ቆጥሮ ይተወዋል።

«በዘጠኝ ቮልት ነካ ነካ ሲደረግ ይነሳል»

አንዳንዴ ይነሳል፤ ምክሩን ያቆየውም ይኸው ነው። ከውጭ የመጣው ቮልቴጅ የተዘጋውን ቦርድ ያስከፍተዋል፣ ቻርጀሩም ባትሪውን አይቶ መሙላት ይጀምራል። የተቀሰቀሰው ግን ቦርዱ ነው። ሴሉ ላይ የደረሰ ጉዳት ካለ አንድም አልተጠገነም።

ሴል ከ2 ቮልት በታች ወርዶ ሳምንታት ሲቆይ፣ በተለይ ከ1.5 ቮልት በታች፣ በውስጡ ያለው ስስ የመዳብ ፎይል በሴሉ ፈሳሽ (በኤሌክትሮላይቱ) ውስጥ መሟሟት ይጀምራል። ቻርጅ ሲደረግ የሟሟው መዳብ ወደ ቦታው አይመለስም፤ በማይሆን ቦታ ተጋግሮ በሁለቱ ኤሌክትሮዶች መካከል ሾርት ይፈጥራል። እንዲህ ያለው ባትሪ ዛሬ ሞልቶ አረንጓዴ መብራት ሊያሳይ ይችላል፤ አደጋው የሚመጣው ከቀናት በኋላ፣ ቻርጀር ላይ አድሮ ወይም ቦርሳ ውስጥ ተቀምጦ ሲግል ነው። «እኔ አድርጌው ሠርቷል» የሚል ሰው ሴሎቹ ስንት ቮልት ላይ እንደነበሩ ከተጠየቀ መልስ የለውም፤ አልለካማ።

ሁለተኛው ጥፋት የኤሌክትሪኩ መጠን ነው። ነካ ማድረግ ስንት አምፕር እንደሚገባ የሚቆጣጠር ነገር የለውም። ከሞላ ሌላ ባትሪ በሽቦ የሚያገናኙም አሉ። 8.4 ቮልት ያለው 3 ቮልት ላይ ካለው ጋር፣ ያውም ቦርዱ ታልፎ ሴል ለሴል ከተገናኘ፣ ከ10 አምፕር በላይ ሊፈስ ይችላል። የወረደ ሴል መቀበል ያለበት ከዚህ መቶ እጅ ያነሰ ነው። በኪስ ካሜራዎች ባትሪ ላይማ ጭራሽ አታስቡት፤ አብዛኞቹ አንድ ሴል ብቻ ስላላቸው ከ4.2 ቮልት ገደማ በላይ አይችሉም።

ትክክለኛው መንገድ በመለካት ይጀምራል። የባትሪውን ቅርፊት በመገጣጠሚያው መስመር ዙሪያ በቀጭን የፕላስቲክ መክፈቻ ክፈቱ። ቢላዋ ጠልቆ ከገባ ሴሉን ይወጋል ወይም ሾርት ያደርጋል። ጠፍጣፋ ሴል ከሆነ የአሉሚኒየም አካሉ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ፖዘቲቭ ስለሆነ የብረት መሣሪያ አታስጠጉ። ከዚያ እያንዳንዱን ሴል ለየብቻው ለኩ። ሁለቱም ከ2 ቮልት በላይ ከሆኑ መሞከር ይቻላል። አንዱ እንኳ ከ1.5 በታች ከሆነ ሥራው አብቅቷል፤ ሴሎቹ ይጣላሉ። በመካከል ያለውንም መተው ይሻላል፤ ስንት ጊዜ እንደዚያ እንደቆየ የሚያውቅ የለምና።

ለመሙላት የሚስተካከል ፓወር ሰፕላይ ያስፈልጋል። ቮልቴጁን 8.4፣ ኤሌክትሪኩን 100 ሚሊ አምፕር ላይ አድርጉና ከባትሪው ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ኮንታክት ጋር አገናኙ። ፓወር ሰፕላይ የሌለው ሰው ለባለ ሁለት ሴል ባትሪ ብቻ ቮልቴጁ የተረጋጋ ባለ 9 ቮልት አዳፕተርና በመስመሩ ላይ ባለ 47 ኦም፣ 1 ዋት ሬዚስተር መጠቀም ይችላል፤ ባትሪው 5 ቮልት ላይ ሲሆን 85 ሚሊ አምፕር ገደማ ያስገባል። ከባዱን የድሮ ትራንስፎርመር አዳፕተር አትጠቀሙ፣ 9 ተብሎ ተጽፎበት ያለ ጭነት 12 ቮልት ሊሰጥ ይችላል። ባትሪው 6.5 ቮልት ሲደርስ አውጡና ወደ ራሱ ቻርጀር ውሰዱት። በሬዚስተር እስከ መጨረሻው መሙላት ክልክል ነው፣ የሚያቆመው ነገር የለም።

እየሞላ ሳለ ጥላችሁ አትሂዱ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለቱም ሴሎች 3 ቮልት ካላለፉ ወይም በእጅ ሲነኩ ሞቅ ካሉ አቁሙ፤ በዚህ ትንሽ ኤሌክትሪክ ጤነኛ ሴል አይሞቅም። ሞልቶ ከወጣ በኋላ ደግሞ የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅ ጽፋችሁ ለአንድ ሳምንት በሸክላ ወይም በብረት ሳህን ላይ፣ ከሚቀጣጠል ነገር አርቃችሁ አስቀምጡ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትንሽ መውረዱ የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ አንዱ ከሌላው በ0.05 ቮልት ወይም በበለጠ ከራቀ ቻርጁ ውስጥ ለውስጥ በራሱ እያለቀ ነውና ያ ባትሪ ሰርግ ላይ አይወጣም።

«ድምሩ 7.1 ቮልት ነው፣ ስለዚህ ጤነኛ ነው»

ድምር ያታልላል። 4.1 እና 3.0 ሲደመሩም 7.1 ነው። ብዙዎቹ የካሜራ ባትሪዎች የሴሎቹን ቮልቴጅ እኩል የሚያደርግ ክፍል የላቸውም። ስለዚህ አንዱ ቀድሞ ይሞላል፣ ቦርዱ ይቆርጣል፣ ቻርጀሩ በአሥር ደቂቃ «ሞልቷል» ይላል፤ ካሜራው ላይ ሲገባ የወረደው ሴል ከጥቂት ፎቶ በኋላ ቦርዱ የሚዘጋበት ቮልቴጅ ላይ ይደርስና ሁሉም ይጠፋል። «ቻርጅ አይዝም» ተብለው ከሚጣሉት ባትሪዎች ውስጥ እንዲህ ያሉም አሉ። መፍትሔው በሁለቱ ሴሎች መገናኛ በኩል የወረደውን ብቻ ለይቶ፣ ፓወር ሰፕላዩን ከ4.2 ቮልት ሳያሳልፉ በ100 ሚሊ አምፕር ሞልቶ ከጓደኛው ጋር ማስተካከል ነው። በሳምንቱ እንደገና ከተራራቁ ሁለቱንም ሴሎች ቀይሩ። አንድ አሮጌና አንድ አዲስ ማጣመር ያንኑ ችግር መልሶ ማምጣት ነው።

«ሴሎቹ ደህና ከሆኑ ቻርጀሩ ነው የተበላሸው»። የግድ አይደለም። አስቀድማችሁ ኮንታክቶቹን በአልኮል ጥረጉ፣ የጠቆረውን በላጲስ ፈትጉ። ቀጥሎ «ቲ» የሚል ምልክት ያለበትን ኮንታክት እዩ፤ የሙቀት መለኪያው ነው። በብዙዎቹ ባትሪዎች ከኔጌቲቭ ጋር ሲለካ በ25 ዲግሪ 10 ኪሎ ኦም ገደማ ያሳያል፣ በእጅ ሲሞቅ ይቀንሳል። ጭራሽ ካላነበበ ቻርጀሩ ባትሪው ጤነኛ ሆኖም አይሞላውም፤ የተነቀለ ሊድ ወይም የተቆረጠ መስመር ፈልጉ።

«ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር ያድሰዋል»። አያድሰውም። እርጥበት ያስገባል፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሳለ ቻርጅ ከተደረገም ሊትየሙ እንደ ብረት ይለበጥና ሴሉን ያበላሻል።

«ጨርሶ ካልወረደ አትሙላው»። የድሮዎቹ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ዘመን ምክር ነው፤ ለሊትየም አዮን አይሆንም።

«ያበጠውን በመርፌ ወግቶ ማስተንፈስ»። እብጠቱ ኤሌክትሮላይቱ ፈርሶ የፈጠረው ጋዝ ነው፣ የሚቀጣጠል። ያበጠ ሴል አይወጋም፣ አይጫንም፣ ቻርጅ አይደረግም። ኮንታክቱ በስኮች ተሸፍኖ ከሚቀጣጠል ነገር ይራቅ።

«ሚሊ አምፕሩ የበዛ ሴል ይሻላል»። ይህ የሚነሳው ለቪዲዮ መብራትና ለሞኒተር የሚያገለግሉት የሶኒ ኤንፒ-ኤፍ ባትሪዎች ሲጠገኑ ነው። ኤንፒ-ኤፍ970 18650 የሚባሉ ስድስት ድቡልቡል ሴሎች አሉት፤ ሦስት ሦስቱ ጎን ለጎን፣ ሁለቱ ቡድኖች በተከታታይ። ገበያ ላይ 9900 ተብሎ የተጻፈበት 18650 ይሸጣል። የታወቁት አምራቾች ጥሩ ሴል 3500 ሚሊ አምፕር ሰዓት ገደማ ነው። በሚዛን አስቀምጡት፤ ትክክለኛው ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፣ 30 ግራም የሆነው ውስጡ ባዶ ቦታ አለው። ስድስቱንም ከአንድ ዓይነት ግዙ፣ ከመገጣጠማችሁ በፊት ቮልቴጃቸውን እኩል አድርጉ። ካውያ ሴሉ ላይ በቀጥታ አታሳርፉ፤ ሙቀቱ የውስጡን መለያያና የአናቱን ማሸጊያ ያቀልጣል። ስፖት ዌልደር (በነጥብ የሚበይድ መሣሪያ) ከሌለ የኒኬል ቁራጭ ተበይዶላቸው የሚሸጡትን ገዝታችሁ ሊዱን በቁራጩ ጫፍ ላይ አድርጉ። ገጥማችሁ ስትጨርሱ ውጭ ላይ ዜሮ ካነበባችሁ አትደንግጡ፤ ቦርዱ እንደተዘጋ ነው፣ ከላይ በተጻፈው መንገድ 8.4 ቮልት ሲያገኝ ይከፈታል።

ለጾሙ ወቅት ደግሞ፦ ባትሪውን ከካሜራው አውጡት፣ ካሜራው ጠፍቶም ትንሽ ይጠጣል። ከ7.5 እስከ 7.6 ቮልት ላይ፣ በግማሽ ገደማ ሞልታችሁ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡ። በወር አንዴ ለኩት፤ ከ7 ቮልት በታች ከሆነ ግማሽ ድረስ መልሱት።