ጾሙን ያወጀችው ኤልዛቤል ናት

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የተወደዳችሁ ወገኖች።

ባለፈው ሰሞን በጸሎት ግሩፓችን አንድ ቪዲዮ ተለቀቀ። ወጣት ኮሜዲያን ነው። መድረክ ላይ ቆሞ የእኛን አጸላለይ ያስመስላል። እጁን ያነሣል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይወዛወዛል፣ ድምፁን ያጎረንናል። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ላይ ሳቅ አምልጦኛል። ከዚያ ግን የጌታን ስም አንሥቶ አላገጠ። ደሜ ፈላ።

ግሩፑ በደቂቃ ውስጥ ጦፈ። "ይከሰስ!" አለ አንዱ። "ይታሰር እንጂ!" ብሎ የጻፈው እኔ ነኝ። ከእኔ ሥር አንድ ወንድም "ሰፈሩ የት ነው? የሚያውቀው አለ?" ሲል ጠየቀ። ብዙ ሰው የእሳት ምልክት ለጠፈለት።

ይህችን ጥያቄ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ያን ማታ ለሐሙስ ጥናት 1ኛ ነገሥት 21ን እያዘጋጀሁ ነበር። የናቡቴን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ስግብግብ ንጉሥ የሰው የወይን ቦታ ቀማ ብለን እናልፈዋለን። የዚያን ምሽት ዓይኔ የተያዘው ግን ክሱ ላይ ነው። ናቡቴ ምን ተብሎ ነው የተገደለው? "እግዚአብሔርንና ንጉሡን ሰድበሃል" ተብሎ።

እስቲ ቀስ ብለን እንየው። አክዓብ ቦታውን ለአትክልት ፈለገው። ናቡቴ "የአባቶቼን ርስት እሰጥህ ዘንድ እግዚአብሔር ያርቅልኝ" አለ። ንጉሡ አኩርፎ አልጋው ላይ ተኛ፣ እህል አልቀምስም አለ። ኤልዛቤል ታዲያ ወታደር አላከችም። ደብዳቤ ጻፈች፣ በንጉሡ ማኅተም አተመችው። የደብዳቤው የመጀመሪያ ትእዛዝ ምን ይላል? ጾም አውጁ ይላል።

ጾም! የበኣልን ነቢያት በማዕዷ የምትቀልብ ሴት ለእግዚአብሔር ክብር ጾም አሳወጀች። ቀጥላ ሁለት ምስክር አቁሙ አለች፤ ሕጉ ሁለት ምስክር ይላላ። ክሱ ስድብ ነው፣ በኦሪት ቅጣቱ መወገር ነው። ሰውዬውን ከከተማ ውጭ አውጥተው ወገሩት፤ ይህም እንደ ሕጉ ነው። መዝገቡን ይግባኝ ሰሚ ዳኛ ቢያገላብጠው የሥነ ሥርዓት ጉድለት የሚያገኝበት አይመስለኝም።

ለምን "ሰርቋል" ብላ አልከሰሰችውም? ሌብነት ቢሆን ሰው ይጠይቃላ! ምን ሰረቀ? ዕቃው የታለ? ስድብ ግን ኤግዚቢት የለውም። "ምን ብሎ ነው የሰደበው?" ብሎ የሚጠይቅ ራሱ ይጠረጠራል። ምስክሩ ቃሉን ልድገመው ቢል እሱም ተሳዳቢ ሊባል ነው። ለተከሳሹ የሚሟገት ደግሞ ከእግዚአብሔር ጠላት ጋር ያበረ ይመስላል። ሽማግሌዎቹ ዝም ያሉት ለዚህ ይመስለኛል።

ይህ የድሮ ታሪክ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት በፈረንጆቹ ናቸው።)

ሰኔ 2009፣ ፓኪስታን፣ ፑንጃብ ውስጥ ኢታን ዋሊ የምትባል መንደር። ሴቶች በጠራራ ፀሐይ ፋልሳ የሚባል የዱር እንጆሪ የመሰለ ፍሬ ይለቅማሉ። ከመካከላቸው አንዷ አሲያ ቢቢ የአምስት ልጆች እናት ናት፣ ክርስቲያን። ውሃ ቀድታ መጣች። ሁለት ሴቶች "ክርስቲያን ከነካው ዕቃ አንጠጣም" አሉ። ተጨቃጨቁ። ነገሩ ያ ነው። በእኛ አገር ቦኖ ላይ በየቀኑ ከሚሰማው ጭቅጭቅ ብዙም አይለይም።

ከአምስት ቀን በኋላ ግን ጭቅጭቁ ነቢዩን በመስደብ ወንጀል ፖሊስ ጣቢያ ደረሰ። ከሳሹ የመንደሩ ኢማም ናቸው፣ ማሳው ላይ አልነበሩም። በዚያ ማሳ ከሃያ የሚበልጡ ሴቶች ሲኖሩ የመሰከሩት ግን ሁለት እህትማማቾች ብቻ ናቸው። ሁለት ምስክር! ይህን ሳነብ መጽሐፍ ቅዱሴን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

የተከሰሰችበት አንቀጽ 295-ሲ ይባላል፣ በ1986 በወታደራዊው ገዥ በጄኔራል ዚያ ዘመን የገባ ነው። ቅጣቱ ሞት ነው። በኅዳር 2010 ተፈረደባት። የፑንጃብ አገረ ገዥ ሳልማን ታሲር እስር ቤት ሄደው ጎበኟት፣ ሕጉንም ተቃወሙ። ጥር 4 ቀን 2011 ኢስላማባድ ገበያ አጠገብ የገዛ ጠባቂያቸው ጥይት አርከፈከፈባቸው። ገዳዩ ፍርድ ቤት ሲቀርብ አበባ የበተኑለት ጠበቆች ናቸው። ልብ በሉ፣ ጠበቆች! መጋቢት 2 ቀን ደግሞ የአናሳዎች ጉዳይ ሚኒስትሩ ሻባዝ ባቲ ተገደሉ። በካቢኔው የነበሩት ብቸኛ ክርስቲያን ነበሩ። ከእናታቸው ቤት ወጥተው ወደ ሥራ ሲሄዱ ነበር።

አሁን ከፓኪስታን ወደ ጄኔቫ ልውሰዳችሁ።

ከ1999 ጀምሮ ፓኪስታን በእስላማዊ አገሮች ድርጅት ስም ለተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን አንድ የውሳኔ ሐሳብ ታቀርብ ነበር። መጀመሪያ "የእስልምናን ስም ማጥፋት" የሚል ነበር፣ ኋላ "የሃይማኖቶችን ስም ማጥፋት" ተባለ። በየዓመቱ ያልፍ ነበር። ያቀረቡት ሰዎች ሁሉ ክፉ ነበሩ ማለቴ አይደለም። ሙስሊሞች በአውሮፓና በአሜሪካ በተለይ ከመስከረም 2001 ወዲህ ብዙ መገፋት ደርሶባቸዋል፤ ሕመሙ እውነት ነው። ችግሩ መድኃኒቱ ነው። ስም የሚጠፋው ሰው ነው። ሃይማኖት ተበደልኩ ብሎ ችሎት አይቆምም። ስለዚህ ሁልጊዜ "እኔ ነኝ ወኪሉ" የሚል ሰው ይነሣል። ያ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማኅተም ያለው ነው።

ድጋፉ እየሳሳ ሄደ። በመጋቢት 2010 ኮሚሽኑን በተካው በሰብዓዊ መብት ምክር ቤት 20 ደገፉ፣ 17 ተቃወሙ፣ 8 ድምፅ አልሰጡም። በቀጣዩ ዓመት፣ ባቲ ከተገደሉ ገና ሦስት ሳምንት ሲሆን፣ መጋቢት 24 ቀን 2011፣ ምክር ቤቱ ውሳኔ 16/18ን ድምፅ ሳይሰጥበት በስምምነት አጸደቀ። ያቀረበችው ያችው ፓኪስታን ናት፣ በዚያው ድርጅት ስም። "የሃይማኖቶችን ስም ማጥፋት" የሚለው ሐረግ ወጥቶ፣ ሰዎች በሃይማኖታቸው ምክንያት የሚደርስባቸው መገለል፣ ለጥቃት ማነሳሳትና ጥቃት የሚለው ገባ። ጥበቃው ከሃይማኖቱ ተነሥቶ ወደ አማኙ ዞረ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ፣ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶችን ቃል ኪዳን ሲተረጉም፣ የስድብ ሕጎች ከቃል ኪዳኑ ጋር አይሄዱም አለ፤ ንግግሩ በአንቀጽ 20 ለተከለከለው የጥላቻ ቅስቀሳ ካልደረሰ በቀር። ኢትዮጵያም ከ1993 ጀምሮ የዚህ ቃል ኪዳን አባል ናት።

ነገሩ ግን በዚህ አልተዘጋም። አንድ ሳምንት ውሰዱ፣ ጥቅምት 2018 መጨረሻ። በ25ኛው ቀን የስትራስቡርጉ የአውሮፓ ሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት፣ በሴሚናር ላይ ነቢዩን ያቃለለች አንዲት ኦስትሪያዊት ላይ የተጣለው 480 ዩሮ መቀጫ ተገቢ ነው አለ። በማግስቱ የአየርላንድ ሕዝብ ወጥቶ ስድብን የሚከለክለውን ቃል ከሕገ መንግሥቱ አወጣ። በ31ኛው ቀን የፓኪስታን ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሲያ ቢቢን በነፃ አሰናበታት። ዳኞቹ ምስክርነቱን ሲመረምሩት ሰፊው መዝገብ እንደ ጉም በነነ። ሴትዮዋ ጥፋቷን አመነች በተባለበት የመንደር ስብሰባ ላይ አንዱ ምስክር ከመቶ በላይ ሰው ነበር ሲል ሌላው ከሁለት ሺህ በላይ አለ። ሁለቱ እህትማማቾች ስለ ውሃው ጭቅጭቅ ሳይናገሩ ቀርተው ነበር። የራሳቸውን ሐሳብ የጻፉት ዳኛ ደግሞ ፍርዳቸውን የዘጉት ሙስሊም ያልሆነን ሰው የበደለውን ሰው ነቢዩ ራሳቸው በፍርድ ቀን እንደሚከሱት በሚናገር ሐዲስ ነው። ይህን የጻፉት ሰው የታሲርን ዕጣ አይተዋል። እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ይህ የሙስሊም አገር ጉዳይ ነው" የሚል አይጠፋም። በ1697 ኤድንብራ ላይ ቶማስ ኤከንሄድ የሚባል የ20 ዓመት ተማሪ በስድብ ተከሶ ተሰቀለ። ያሰቀሉት ዳዊት እየደገሙ የሚያድሩ ክርስቲያኖች ናቸው። እንግሊዝ ይህን ሕግ የሻረችው በ2008 ነው፣ እስከዚያ የሚጠብቀውም የራሷን ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ያን ኮሜዲያን በምን አንቀጽ ማሳሰር እንደሚቻል አይቼ ነበር፣ አልዋሽም። የ1996ቱ (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 492 በአደባባይ የተፈቀደ የሃይማኖት ሥርዓትን የሚያውከውን ወይም የሚያላግጥበትን፣ የማምለኪያ ቦታንና ዕቃን የሚያረክሰውን ይቀጣል። ጎበዝ ጠበቃ ቢይዘው ይሞከራል። ግን እስቲ ባለፈው ወር በእኛው መድረክ የተሰበከውን አስታውሱ። ስለ ጎረቤቶቻችን ጾም የተቀለደውን፣ ጉባኤው የሳቀበትን። ያ ስብከት ተቀድቶ ወጥቷል። ከዚህም ይልቅ "ኢየሱስ ጌታ ነው" የሚለው ቃላችን ራሱ ለስንቱ ጆሮ ስድብ ነው! ጌታችን የተፈረደበት በዚህ አይደል? ሊቀ ካህናቱ ልብሱን ቀደደና "ተሳድቦአል" አለ። እስጢፋኖስንም "በሙሴ ላይ በእግዚአብሔርም ላይ የስድብን ነገር ሲናገር ሰምተነዋል" የሚሉ ሰዎች አስነሡበት። እኛ የምንከተለው በዚህ ክስ የሞተውን ነው። ክሱን ለሌላው ስናዘጋጅ እጃችን እንዴት አያፍርም?

አሁን ወደዚያች ጥያቄ። "ሰፈሩ የት ነው?"

በጥቅምት 2012 ሞሮኮ ራባት ላይ ባለሙያዎች ተሰብስበው፣ አንድ ንግግር መቼ ወንጀል ይሆናል የሚለውን ለመመዘን ስድስት ነገር ይታይ አሉ። ጊዜውና ሁኔታው ምን ይመስላል፣ ተናጋሪው ማነው፣ ሐሳቡ ምንድን ነው፣ ምን አለ እንዴትስ አለው፣ ለስንት ሰው ደረሰ፣ ጉዳት የማስከተሉስ ነገር ምን ያህል ቅርብ ነው። በዚህ ሚዛን ልጁን አስቀመጥኩት። ቀለደ፣ አስቀየመ። በእኛ ላይ ማንንም አላነሣሣም። ከዚያ ግሩፑን አስቀመጥኩት። በንዴት የሰከረ፣ መቶ ምናምን አባል ያለው ግሩፕ፣ አንድ የተከበረ ወንድም የአንድን ልጅ ቤት ይጠይቃል፣ ሌላው እሳት ይለጥፋል። ሚዛኑ ወደ ማን አጋደለ? የታሲር ጠባቂም የሚጎድለው ነገር አልነበረም፤ ሰውዬው የት እንደሚውል ያውቅ ነበር።

ሉቃስ 9 ላይ ያዕቆብና ዮሐንስም እሳት ለጥፈው ነበር ማለት ይቻላል። የሳምራውያን መንደር ጌታን አልቀበልም ስላለ እሳት ከሰማይ ይውረድ አሉ። ዘወር ብሎ የገሠጸው መንደሩን አልነበረም።

ሌላም ሰው አለ፣ ብዙ ጊዜ አይሰበክለትም፤ የጌዴዎን አባት ኢዮአስ። ልጁ የበኣልን መሠዊያ አፈረሰ፣ የከተማው ሰው አውጣልን፣ ይሙት አለ። መሠዊያው እኮ የራሱ የኢዮአስ ነበር፣ ከማንም በፊት መናደድ ያለበት እሱ ነው። እሱ ግን በኣል አምላክ ከሆነ ለራሱ ይሟገት አላቸው። አንድ ጣዖት አምላኪ ሽማግሌ ይህን ካለ፣ ሕያው አምላክ አለን የምንለው እኛ ለምን ጣቢያ እንሮጣለን?

ይህን ስል ሁሉንም ዝም ብለን እንለፈው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። በታኅሣሥ 2011 ጂዳ ውስጥ 35 ኢትዮጵያውያን፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ አንድ ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ ፖሊስ ገብቶ ወሰዳቸው፤ በኋላም ከአገር ተባረሩ። ለእነዚህ እህቶች መጮኽ ነበረብን፤ ዛሬም ለመሰሎቻቸው መጮኽ አለብን፣ በሕግም በአደባባይም። መስጊዱ ለሚቃጠልበት ሙስሊም ጎረቤታችንም እንዲሁ። የናቡቴን መሬት ማስመለስ፣ የናቡቴን ነፍስ ማዳን አንድ ነገር ነው። ኤልዛቤል ያወጀችውን ጾም ከእሷ ጋር መጾም ሌላ ነው።

"ይታሰር እንጂ" ያልኩትን አጥፍቼዋለሁ። ለዚያ ወንድም በውስጥ መስመር ጻፍኩለት፣ እሱም ጥያቄውን አጠፋው። ያየው ሰው ግን አይቶታል። ልጁን የሚያውቅ ካለ ስልኩን ለእኔ ብቻ ይላክልኝ፤ ተጠንቀቅ ልለው ነው።

ሐሙስ በዚሁ ምዕራፍ እንቀጥላለን። ከቁጥር 8 እስከ 14 አንብባችሁ ኑ። ዛሬ ስለ ናቡቴና ስለ ኤልዛቤል ብዙ ስላልኩ፣ ያን ቀን የምንነጋገረው ደብዳቤው ስለ ደረሳቸው ሽማግሌዎች ነው።